ቢላዋ ያላየ ቆዳ

የጡረተኞች ማኅበራችን እያንዳንዱ አባል ስለ ሥራ ዘመኑ ጥቂት ገጾች ጽፎ እንዲያስረክብ በወሰነ ጊዜ፣ ባልደረቦቼ ርእስ ለመምረጥ ብዙም አልተቸገሩም። አንዱ ስላሠራው ድልድይ፣ ሌላው ስለመራው የመንገድ ቅየሳ፣ ሦስተኛው ስለ አንድ የመስኖ ግድብ እንደሚጽፍ ተናገረ። ተራው ደርሶኝ እኔ ስለ መኪና ዳሽቦርድ እጽፋለሁ ባልኩ ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የማኅበሩ ጸሐፊ የቀለድኩ መስሎት በስሜ ትይዩ «ርእስ፦ ገና አልተወሰነም» ብሎ መዘገበ። እኔ ግን አልቀለድኩም። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ሞተር አስፈትቼ አስገጥሜአለሁ፤ ሁለት ጋራዦችም ከባዶ ሜዳ ተነሥተው ሲቆሙ ኃላፊያቸው ነበርኩ። ስለ እነዚያ የተጻፈው ሪፖርት ይበቃል። ስለ ዳሽቦርዱ የተጻፈው ሪፖርት ግን ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎነቱን የማውቀውም ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ዳሽቦርድ የምለው ከመሪው ፊት፣ ከትልቁ መስታወት ሥር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋውን፣ የፍጥነት፣ የነዳጅና የሞተር ሙቀት ቆጣሪዎችን የያዘውን ገበታ ነው። በዘመኑ አዲስ በነበሩት መኪናዎች ላይ ይህ ገበታ እንደ ድሮው ቆርቆሮ ሳይሆን ውስጡ ስፖንጅ፣ ላዩ ቆዳ የሚመስል ለስላሳ ፕላስቲክ ነበር። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ «ቆዳ የሚመስል» የሚለው አነጋገር ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና ከተመረቅሁ በኋላ ኮምቦልቻና ደሴ ጥቂት ዓመታት ሠርቼ፣ በደርግ ዘመን በዚያን ጊዜ አጠራር ወደ ላስታ አውራጃ ተዛወርኩ። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬው ዘርና የእርዳታ እህል የሚያከፋፍሉ ሠራተኞችን የሚያመላልሱ አምስት አዳዲስ የመስክ መኪናዎች ተረክቦ ነበር፤ የእነርሱ ጤንነት በእኔ ላይ ተጣለ። የዝውውር ደብዳቤውን የሰጠኝ ሹም፣ ላስታ ደጋ ስለሆነ የበረሃ አበል እንደማይታሰብ አከለልኝ። አበሉ አላስከፋኝም። ነገር ግን ደጋ ከሆነ ፀሐዩ አይጎዳም የሚለው እሳቤ ሳላውቀው ከደብዳቤው ጋር በኪሴ ገብቶ ላሊበላ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

ላሊበላ ላይ የነበረን ጣቢያ አንድ ጠባብ ቢሮ፣ ከቢሮው ሥር አንዲት የቅባትና የነዳጅ ግምጃ ቤትና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። መጋዘኑ ለእህሉ ነው፤ ይህ ትክክል ስለነበር ማንም አልተከራከረም። ስለዚህ መኪናዎቹ ሥራ በሌላቸው ሰዓት ሁሉ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። መለዋወጫ ቢያስፈልግ የውጭ ምንዛሪ ተፈቅዶ፣ መርከብ ተሳፍሮ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ነው። የተበላሸ ነገር ተበላሽቶ ቀረ ማለት ነበር።

የሾፌሮቹ አለቃም፣ የግምጃ ቤቷ ጠባቂም ጋሽ ይመር ነበሩ። የተወለዱት በጋሸና መንገድ ዳር ነው፤ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ እሳቸው ከባድ መኪና እየነዱ የወሎን ዳገትና ቁልቁለት ጨርሰዋል። ኮሌጅ ያላስተማረኝን ግማሽ የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ የተማርኩት ግን በዘገየ ሰዓት ስለሆነ ልማዳቸውን ጠንቅቄ ማስፈር ይገባኛል።

ጋሽ ይመር መኪና ሲያቆሙ ወዲያው አያጠፉም። መጀመሪያ ይወርዱና ጥላቸው ወዴት እንደ ወደቀ ያያሉ። ቀጥለው ሥራችን ምን ያህል እንደሚቆይ ይጠይቁናል። ጥቂት ነው ካልናቸው መኪናው እንዳለ ይቆማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው ካልናቸው ግን ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት የት እንደምትደርስ አስልተው፣ ተመልሰው ገብተው፣ የመኪናውን ጀርባ ለእሷ ሰጥተው ያቆሙታል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ጋቢያቸውን አራት አጥፈው ዳሽቦርዱ ላይ ያለብሱታል፤ ራሳቸው በቀዝቃዛው ነፋስ በኮት ብቻ ይቀመጣሉ። ሲመለሱም ዘው ብለው አይገቡም። ሁለቱን በሮች ከፍተው፣ የቀትሩ ሶላት፣ የዙሁር ሰዓት ከሆነ ውዱእ አድርገው ሰግደው እስኪመጡ ድረስ የታፈነው አየር ይወጣል። ከዚያም የእጃቸውን ጀርባ ዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትኩሳት ያለው ልጅ እንደሚዳሰሰው። ለምን በመዳፋቸው እንደማይዳስሱ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። የሾፌር መዳፍ ከመሪና ከካቻቪቴ ጋር ኖሮ ደንዝዟል፣ የእጅ ጀርባ ግን ሥራ ስለማይሠራ አይዋሽም አሉኝ።

ይህን ሁሉ እያየሁ በማስታወሻዬ ላይ «የሾፌሩ የግል ልማድ» ብዬ ጻፍኩ። ማስታወሻው አሁንም ከእኔ ዘንድ አለ።

በመጀመሪያው በጋ አጋማሽ፣ በመኪናዎቹ የፊት መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ ቅባትነት ያለው ስስ ጭጋግ ታየ። ሾፌሮቹ በጨርቅ ይጠርጉታል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ሲነዱ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ጭጋጉን ታበራዋለች፤ መንገዱም ከዐይን ይሰወራል። ጉዳዩን አጠናሁት። ፕላስቲኩን ለስላሳ ያደረገው ቅመም በሙቀቱ እየተነነ ወጥቶ መስታወቱ ላይ እንደሚያርፍ፣ ዳሽቦርዱም በዚያው ልክ እየደረቀ እንደሆነ ደረስኩበት። ምርመራዬ ትክክል ነበር፤ ይህን ዛሬም አልተውም። የተሳሳትኩት በመድኃኒቱ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ቆዳ ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ስቡ ይመለስለታል። በተወለድኩበት አገር ጠፍርና ኮርቻ በዘይት ሲታሽ አይቻለሁ። ስለዚህ የኑግ ዘይት በነጭ ጋዝ አቅጥኜ ቅመም አዘጋጀሁ፤ ከተገለበጠ መኪና የተነቀለ የዳሽቦርድ ክዳን አግኝቼም ቀባሁት። ክዳኑን በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እያየሁት ሰነበትኩ። እንደ አዲስ አበራ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጠዋት ጠዋት እጄን እያሟሟቅሁ እጽፍ ነበር፤ ከሙከራዬ ውስጥ የጎደለው ፀሐዩ ራሱ መሆኑን ብርዱ አስረሳኝ። ደጋ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ይሁን እንጂ ስስ ነው፤ ፀሐይ በቆላ ከምታሳርፈው የሚብስ ጨረር ታሳርፋለች። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ብጠየቅ ኖሮ በትክክል እመልሰው ነበር።

መመሪያ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ሾፌር ቅዳሜ ቅዳሜ ዳሽቦርዱን በተሰጠው ቅመም አሽቶ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ ቅመሙን በተወሰነው መጠን የሚያዘጋጁት ጋሽ ይመር ናቸው። መመሪያውን ሾፌሮቹን ሰብስቤ ሳነብ፣ ጋሽ ይመር ከሁሉም ኋላ ቆመው አዳምጠው ሲያበቁ ተናገሩ።

«መሐንዲስ፣ አንቱ ያሉት መልካም ነው። ግን ይህ እኮ ቢላዋ ያላየ ቆዳ ነው። ስብ ኖሮት ያውቃል ወይ፣ ስብ የምንመልስለት?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አንዱ፣ ቢላዋ ካላየማ ሥጋውም ለሙስሊም አይበላም አለና ሳቁ ባሰ። እኔም ፈገግ አልኩና፣ ጉዳዩ የሳይንስ እንጂ የከብት እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ጋሽ ይመር «እሺ» አሉ። በዚያ ቀልድ ውስጥ የኬሚስትሪ ትምህርት እንደ ነበረበት የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

ቅመሙን በታዘዙት መጠን አዘጋጅተው ለአራቱ ሾፌሮች ያድሉ ነበር። የራሳቸውን መኪና ግን አልቀቡም። ያልሠሩትን የሚፈርሙ ሰው ስላልነበሩም፣ የቅዳሜው ዓምድ በስማቸው ትይዩ ባዶውን ቀረ። መዝገቡን እኔ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁትም።

ፋሲካ ሳይደርስ አራቱ ዳሽቦርዶች ተሰነጠቁ። የኑግ ዘይት ፀሐይ ሲመታው እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከዚያም ይደርቅና ይኮማተራል። ሲኮማተር ሥር ያለውን ፕላስቲክ ይዞት ይሳባል። ነጭ ጋዙ ደግሞ ጥቂት የቀረውን ማለስለሻ አጥቦ አውጥቶት ነበር። ስንጥቁ ከቆጣሪዎቹ ቆብ ተነሥቶ መስታወቱ ሥር እስከሚያልቅበት ድረስ ሄደ፤ ቢጫው ስፖንጅ ታየ። የከፋው ግን ይህ አልነበረም። በአንደኛው መኪና ላይ የሙቀት ቆጣሪው የፕላስቲክ ክዳን ከገበታው ጋር ተጣሞ ወርዶ መርፌውን ተጫነው። መርፌው መካከል ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ሾፌሩ ሞተሩ ደኅና መስሎት ወደ ኩልመስክ የሚያወጣውን ዳገት ወጣ፤ አናት ላይ ሲደርስ ሞተሩ ከሙቀት ብዛት ነክሶ ቆመ። መኪናው የጫነው ዘር በአህያ ተጭኖ ሲደርስ በልጉ አልፎ ነበር።

የቁጥጥር ኮሚቴ ከደሴ መጣ። ሊቀ መንበሩ፣ ጓድ ታደሰ ብዬ የምጠራው፣ ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። አይቆጣም፣ አይስቅም፣ ወረቀት ያነባል። የተሰነጠቁትን መኪናዎች ዝርዝርና የቅዳሜውን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበና በዝግታ ይጠይቅ ጀመር። ቅመሙን ያዘጋጀው ማን ነው? ይመር። ከማን ግምጃ ቤት ወጣ? ከይመር። ለብቻው ሳይቀባ የቀረው ማን ነው? ይመር። ከአምስቱ የተረፈችው የማን መኪና ናት? የይመር። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ አስተሳሰብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አልሰማሁም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ክፍተት አልነበረውም። ወደ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር የሚወስድ ደረጃ ነበር፤ ጋሽ ይመርም አንድ በአንድ ወጡት። ሌሎቹ ሲቀቡ ለምን እንዳልቀቡ ሲጠየቁ፣ አልመሰለኝም አሉ።

ያኔ ጓድ ታደሰ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ መሐንዲስ፣ ያንተ ቅመም በራሱ ጉዳት ያደርሳል?»

«እንደ ታዘዘው ከተቀመመ አያደርስም» አልኩ።

ዐረፍተ ነገሩን ሳዋቅር «እንደ ታዘዘው ከተቀመመ» የሚለው ሐረግ ለምን እንዳስፈለገ ዐውቅ ነበር። ስንጥቆቹን በጣቴ ዳስሼ፣ የደረቀውን ዘይት በጥፍሬ ፍቄ አይቼዋለሁ። ጥርጣሬው በውስጤ ነበር፤ ሐረጓ ግን ከእኔ አንሥታ ጋሽ ይመር ላይ አስቀመጠችው። እሳቸው ቀና ብለው አላዩኝም።

ቁልፋቸውና ግምጃ ቤታቸው ተወሰደ፤ ከከተማው እንዳይወጡ ታዘዙ። ኮሚቴው በሰቆጣ በኩል ያለውን ሥራ ጨርሶ በዐሥረኛው ቀን እንደሚመለስና በዚያን ዕለት እሳቸው ለደሴ የደኅንነት ሰዎች እንደሚተላለፉ ተነገረን። በዚያ ዘመን በአሻጥር ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይጠየቅም ነበር። ጋሽ ይመር ስድስት ልጆች ነበሯቸው።

በሦስተኛው ቀን ለዘር የተመዘገቡ ገበሬዎችን ዝርዝር ለማስፈረም ነአኩቶ ለአብ ወደሚባለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ፊርማው የሚገኘው ከአንድ አረጋዊ መሪጌታ ዘንድ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከጥቁር የቆዳ ማኅደሩ ያወጡትን ብራና እያዩ ሳለ ደረስኩ። ቅጠሉ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ባየሁ ጊዜ፣ ስንት ጊዜ ቅባት እንደሚቀቡት ጠየቅኋቸው። መሪጌታ የቀልድ ጥያቄ መሆኑን ለማጣራት ፊቴን አዩ።

«ልጄ፣ ብራና ሲፋቅ እኮ መጀመሪያ የሚወጣው ስቡ ነው። ያወጡትን ማን መልሶ ይቀባል? ቀለሙስ ይሸሻል» አሉኝ።

ታዲያ ከመድረቅ የሚጠብቀው ምንድን ነው አልኳቸው። በእጃቸው የያዙትን ማኅደር ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ሲያነቡት ይወጣል፣ ሲያበቁ ይገባል፤ ሌላ መድኃኒት የለውም አሉ። ዝርዝሩን አስፈርሜ ወጣሁ። ያን ሁሉ ቀመር የመሠረትኩት በቆዳ ላይ ነበር፤ ለካ ቆዳን ራሱንም አላውቀውም። መንገድ ላይ የጋሽ ይመር ነገር ትዝ አለኝ። ዳሽቦርዱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ከቶ ቢላዋ አላየም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ቀድሞ ልሠራው የሚገባኝን ነው። ከተገለበጠው መኪና ዳሽቦርድ፣ ካልቀባሁት ክፍል፣ አምስት ቁራጭ ቆረጥኩ። ቅመሙን በገዛ እጄ፣ በመመሪያው በተጻፈው ልክ፣ ጠብታ ሳላዛንፍ አዘጋጀሁ። አንዱን ቁራጭ ቀባሁት፤ አንዱን ባዶውን ተውኩት፤ አንዱን የበግ ጠጕር ባና አለበስኩት፤ አንዱን በባናው ላይ ነጭ አቡጀዲ ጨመርኩበት፤ የመጨረሻውን ቢሮዬ ውስጥ አኖርኩት። አራቱን ከመስታወት ሥር አድርጌ የመጋዘኑ ጣራ ላይ አወጣኋቸው። ቴርሞሜትሩ በባዶው ቁራጭ አጠገብ ከመጨረሻው መስመር አልፎ ሄደ። እጄን ብርድ እያቆረፈደው እንዲህ ያለ ሙቀት ማንበቤን ማመን አቃተኝ። የተቀባው ቁራጭ በአራተኛው ቀን እንደ ሙጫ ተጣበቀ፤ በሰባተኛው በጣቴ ላይ ሳጥፈው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ባናና አቡጀዲ የለበሰው እንደ መጀመሪያው ቀን ታጠፈ።

ኮሚቴው በተባለው ቀን ተመለሰ። ጋሽ ይመር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ትንሽ ስንቅ በጨርቅ ቋጥረው መጥተው ነበር፤ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ልብስ። ጉዳያቸው ከመከፈቱ በፊት ቃል ጠይቄ ተነሣሁ። አምስቱን ቁራጮች በጣውላ ላይ ደርድሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቅመሙ በታዘዘው ልክ ሲቀመም ራሱ እንደሚያጠፋ፣ ሙከራዬን በጥላ ውስጥ እንዳደረግሁ፣ መመሪያው የእኔ እንደሆነ፣ ጋሽ ይመር በአደባባይ ሲያስጠነቅቁኝ እንደ ቀልድ እንዳለፍኩት ተናገርኩ።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ እንግዲያው አሻጥረኛው ተገኘ፣ መሐንዲሱ ነው አለ። ጓድ ታደሰ ቁራጮቹን አንድ በአንድ አንሥቶ አጠፋቸው። የተቀባው በእጁ ውስጥ ሲሰበር ስባሪውን ሰብስቦ ጣውላው ላይ መለሰ። ብዕሩን አነሣ፤ አልጻፈም።

«ጓድ መሐንዲስ» አለ፣ «ቃለ ጉባኤው በትክክል እንዲጻፍ ነው። ይህ ያሰማኸን የእምነት ቃል ነው፣ ወይስ ግለ ሂስ?»

ዘመኑን ላልኖረ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አለብኝ። የእምነት ቃል ተከሳሽ የሚሰጠው ነው፤ መጨረሻው ወህኒ ነው። ግለ ሂስ ግን አንድ ጓድ በጓዶቹ ፊት ስሕተቱን ራሱ አውጥቶ ሲወቅስ ነው፤ በየስብሰባው የሚደረግ፣ የሚመሰገን፣ መጨረሻውም ተግሣጽ የሆነ። ብዙዎቻችን ግለ ሂስን ሰዓት የሚበላ ሥርዐት አድርገን እናየው ነበር። ያን ዕለት ይህ የሒሳብ አስተማሪ በዚያ ሥርዐት ውስጥ በር እንዳለ አየ፤ ብዕሩን አንሥቶም እስክገባ ጠበቀኝ።

«ግለ ሂስ ነው» አልኩ።

«ግለ ሂስ» እያለ ጻፈ። አንድ ጥፋት ግለ ሂስ ከተደረገበት ሌላ ሰው ሊጠየቅበት እንደማይችል ለአባላቱ በዝግታ አስረዳ፤ እንዲህ የሚል ደንብ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። የጋሽ ይመር ቁልፍ እንዲመለስ፣ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ግለ ሂሴንም በላሊበላ፣ በጋሸናና በኩልመስክ ለሚገኙ ሾፌሮች ሁሉ ቆሜ እንዳነብ ተወሰነ። ከስብሰባው ስወጣ ሳንባዬ ውስጥ ዐሥር ቀን የታሰረ አየር የወጣ ያህል ቀለለኝ። ጋሽ ይመር የስንቃቸውን ቋጠሮ ፈተው ቆሎውን ለሾፌሮቹ ሲያድሉ አየሁ፤ ለእኔም አንድ እፍኝ ደረሰኝ።

ወዲያው ለዳሽቦርዶቹ የሚሆኑ የጨርቅ ልባሶችን ለማሠራት ተነሣሁ። መሪጌታ ያሳዩኝ ነገር በአእምሮዬ ስለ ነበር፣ ጨርቁ እንዲፈቀድልኝ ለደሴ ስጽፍ «ለአምስት ዳሽቦርዶች ማኅደር እንዲሰጠን» አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጭነት መኪና የታሸገ ጥቅል መጣ። ስንከፍተው አምስት የካርቶን ማኅደሮች፣ የደብዳቤ መያዣዎች፣ በላያቸው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ዳሽቦርድ ፩» እስከ «ዳሽቦርድ ፭» ተብሎ የተጻፈባቸው ሆነው ተገኙ። ጋሽ ይመር አንዱን አገላብጠው አዩት።

«ደኅና ነው» አሉ። «የኔን ክስ የምናኖርበት አጥተን ነበር።»

ልባሶቹን በመጨረሻ ያገኘነው ከአካባቢው ነው። ከውስጥ ባና፣ ከላይ ነጭ አቡጀዲ፤ በአራቱም ማዕዘኑ ክር ተበጅቶለት የሚታሰር። ነጩ የሚሆነው ጥቁር ጨርቅ ሙቀቱን ስለሚስብ ነው። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት መነሣት አለበት፤ አለዚያ ነጩ ጨርቅ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ሾፌሩን ያሳውረዋል። አቧራው በውኃ በራሰና በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል። ሌላ ምንም አይቀባም። ይህ መመሪያ ከአንድ ገጽ አልበለጠም፤ እኔ እስከ ነበርኩበት ጊዜ ድረስም አንድ አዲስ ስንጥቅ አልታየም።

ግለ ሂሴን ለማንበብ ወደ ጋሸናና ወደ ኩልመስክ የወሰዱኝ ጋሽ ይመር ራሳቸው ናቸው፤ የተረፈችው መኪና የእሳቸው ስለ ነበረች። ላሊበላ ላይ ከወረቀቱ ቀና ሳልል አነበብኩ። ጋሸና ላይ ሾፌሮቹ ምሳቸውን እየበሉ ሰሙኝ፤ አንዱ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ በኑግ የታሸው ዳሽቦርድ ለጾም ይበላ እንደሆነ ጠየቀኝ። ኩልመስክ ላይ ወረቀቱን ሳላይ በቃሌ ተናገርኩ፤ ሸክሙም ጭራሽ ከላዬ የወረደ መሰለኝ። አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ስንመለስ መንገድ ላይ እሱን አነሣሁት።

«ጋሽ ይመር፣ ካነበብኩት ውስጥ የቀረ አንድ ነገር አለ» አልኩ።

ዐይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። «‹እንደ ታዘዘው ከተቀመመ› የምትለዋ ናት?»

«እሷ ናት» አልኩ።

«ላሊበላ ላይ ጠበቅኋት፣ ቀረች። ጋሸና ላይ ጠበቅኋት፣ ቀረች። ዛሬ ኩልመስክ ላይ ተስፋ ቆረጥኩ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለምን በዚያው ስብሰባ ተነሥተው እንዳላጋለጡኝም ጠየቅሁ። ማርሽ ቀይረው ጠመዝማዛውን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ የተናገሩኝ «አንተ» ብለው ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ፈርቼ ነዋ። አንተም ፈርተህ ነበር። ምን አለፋህ፣ መኪናዬን አልቀባም ብዬ ባስቸግርህ እኔኑ ቀባኸኝ። አልሐምዱ ሊላህ፣ አልሰነጠቀኝም።»

መኪናውን እስከሚያቆሙ ድረስ ሳቅን፤ እኔ ስቄ ሳበቃም ዐይኔን መጥረግ ነበረብኝ። ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ አስፈላጊም አልነበረም።

የግለ ሂሴ ቅጂ በደሴ መዝገብ ቤት ውስጥ ዛሬም ካለ፣ የሚያነበው ሰው የሚከተለውን ይጨምርበት። በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ቅመሙ በራሱ ጉዳት ያደርስ እንደሆነ ስጠየቅ፣ «እንደ ታዘዘው ከተቀመመ አያደርስም» ብያለሁ። ትክክለኛው መልስ «አዎ፣ ያደርሳል» የሚል ነበር።